በሌሊት ሰማይ የሚታዩ ምንነታቸው ያልታወቀ ብርሃናትና የመንግሥታት ምርመራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ሰዓቱ ግን በእኛ አቆጣጠር ተጽፏል።

ምንነቱ ያልታወቀ ብርሃን የሚባለው የትኛው ነው?

ያየው ሰው ምን እንደሆነ ለይቶ መናገር ያልቻለውና ለሚመለከተው አካል ያሳወቀው ማንኛውም የሰማይ ብርሃን ነው። ስያሜው የሚገልጸው ጥቆማው ያለበትን ደረጃ ብቻ ነው፤ ዛሬ እንዲህ ተብሎ የተመዘገበ ብርሃን ነገ የበረራ መዝገብ ሲመረመር ከአንድ የጭነት አውሮፕላን ጋር ሊገጥም ይችላል። ብዙ ሰው ግን "አልታወቀም" ሲባል "ከሌላ ዓለም መጥቷል" እንደተባለ አድርጎ ስለሚሰማው፣ የመንግሥት መርማሪዎች ከሰባ ዓመት በላይ ተመሳሳዩን ማብራሪያ ሲደጋግሙ ኖረዋል።

የመንግሥት ምርመራ መቼና ለምን ተጀመረ?

በ1946 የስዊድን ሠራዊት በአገሪቱ ሰማይ ላይ ታዩ የተባሉ ሮኬት መሰል ነገሮችን መርምሯል፤ ሐይቅ ውስጥ ወድቋል የተባለውን ሳይቀር ፈልጎ ነበር። ሰፊውና ረጅሙ ምርመራ ግን የአሜሪካው ነው። ጁን 24 ቀን 1947 ኬኔት አርኖልድ የተባለ አብራሪ በዋሽንግተን ግዛት በሬኒየር ተራራ አጠገብ ዘጠኝ የሚያብረቀርቁ ነገሮች በከፍተኛ ፍጥነት ሲበሩ ማየቱን ተናገረ፤ ጋዜጦች "በራሪ ሳህን" የሚል ስም አወጡለት፤ ከዚያ በኋላ ጥቆማው ከየአቅጣጫው ጎረፈ።

ወቅቱ የቀዝቃዛው ጦርነት መጀመሪያ ስለነበር አየር ኃይሉን ያስጨነቀው ሶቪየት ኅብረት በጦርነቱ ማግስት በእጇ ከገባው የጀርመን ዕውቀት ተነሥታ አዲስ የጦር መሣሪያ ሠርታ ይሆናል የሚለው ጥርጣሬ ነበር። በ1948 "ፕሮጀክት ሳይን" ተቋቋመ፤ በቀጣዩ ዓመት "ግረጅ" ተብሎ ተተካ፤ በማርች 1952 ደግሞ እስከ ዲሴምበር 1969 የዘለቀው "ፕሮጀክት ብሉ ቡክ" ሥራ ጀመረ። መሥሪያ ቤቱ በኦሃዮ ግዛት ዴይተን ከተማ አጠገብ ባለው የራይት ፓተርሰን የአየር ኃይል ጦር ሰፈር ነበር።

ብሉ ቡክ ምን ያህል ጥቆማ መረመረ? ምንስ አገኘ?

በአጠቃላይ 12,618 ጥቆማዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ 701 ያህሉ ማብራሪያ ሳይገኝላቸው ቀርተዋል። በ1952 ዓመት ብቻ 1,501 ጥቆማ ደርሶ 303ቱ ሳይፈቱ መቅረታቸው፣ ብዛቱ ከሰማዩ ይልቅ ከጋዜጣው ወሬ ጋር ምን ያህል ይወጣና ይወርድ እንደነበር ያሳያል። በመጨረሻም አየር ኃይሉ ሦስት መደምደሚያ ሰጠ፦ ከተመረመሩት ውስጥ ለአገር ደኅንነት ሥጋት የሆነ አልተገኘም፤ ከዘመኑ ሳይንስ የላቀ ቴክኖሎጂ መኖሩን የሚያመለክት አልተገኘም፤ ያልተፈቱትም ቢሆኑ ከምድር ውጭ የመጣ መንኮራኩር ለመሆናቸው ማስረጃ የለም።

ከቁጥሩ ጀርባ ያለው የሰው ኃይል ግን አነስተኛ እንደነበር መታወቅ አለበት። በአብዛኛው ዕድሜው ብሉ ቡክ የጥቂት መኮንኖችና ጸሐፊዎች ክፍል ነበር፤ የሥነ ፈለክ ምክር ሲያስፈልግም ፕሮፌሰር አለን ሃይኔክን ይጠይቅ ነበር። ሃይኔክ ሲጀምር ነገሩን በንቀት ያይ የነበረ ሰው ሲሆን፣ ከዓመታት በኋላ ግን መዝገቦቹ በጥድፊያ እንደሚዘጉ በግልጽ እስከ መተቸት ደርሷል። በግሌ ከመደምደሚያዎቹ ይልቅ ይህ ትችት ይበልጥ ትኩረት የሚገባው ይመስለኛል።

አንድ ጥቆማ ሲደርስ መርማሪው በተግባር ምን ያደርጋል?

በመጀመሪያ መጠይቅ ያስሞላል። የብሉ ቡክ መጠይቅ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የታየበትን አቅጣጫ፣ ከአድማስ በላይ የነበረውን ከፍታና የቆየበትን ጊዜ ከጠየቀ በኋላ ተመልካቹ ያየውን በሥዕል እንዲያስቀምጥ ያዝዛል። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ብልሃት የተሞላበት ስለ መጠን የሚጠይቀው ነው፦ "ክንድህን ዘርግተህ ብትይዘው ብርሃኑን ልክ የሚሸፍነው የትኛው ነው?" ይልና ከመርፌ ራስ ጀምሮ አተር፣ የተለያዩ ሳንቲሞች፣ የቤዝቦል ኳስ፣ እስከ ቅርጫት ኳስ ድረስ ይዘረዝራል። ሙሉ ጨረቃን በተዘረጋ ክንድ ጫፍ የተያዘች አንዲት አተር ትሸፍናታለች። ስለዚህ ብርሃኑ የቤዝቦል ኳስ ያህል ነበር ብሎ የሞላ ሰው፣ ሳያውቀው፣ ከጨረቃ ብዙ እጥፍ የሚሰፋ ነገር አይቻለሁ ማለቱ ነው፤ ያን ያህል ግዙፍ ነገር ከተማው ሁሉ ሳያየው እንዴት አለፈ የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይከተላል።

ከዚያ በኋላ የማመሳከር ሥራ ይቀጥላል። በዚያ ሰዓት በዚያ አቅጣጫ የትኛው ፕላኔት ነበር? ከአቅራቢያው አውሮፕላን ማረፊያ ምን ተነሣ? የአየር ትንበያ ጣቢያው ባሉን ለቅቆ ነበር? ሮኬት ተወንጭፏል? ሠራዊቱ ልምምድ ላይ ነበር? ዛሬ ይህ ሁሉ በኮምፒውተር በደቂቃዎች ውስጥ የሚከናወን ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በስልክና በደብዳቤ ቀናትን ይፈጅ ነበር። ሰዓቱና አቅጣጫው በትክክል ካልታወቀ ግን ኮምፒውተርም አያድነውም።

በብዛት የሚገኘው መልስ ምንድን ነው?

የአጥቢያ ኮከብ። ቬኑስ ከፀሐይና ከጨረቃ ቀጥሎ በሰማይ ላይ ከሚታዩት አካላት ሁሉ ደማቋ ናት፤ ንጋት ላይም ሆነ ፀሐይ እንደጠለቀች ብቻዋን ከአድማስ በላይ ስትንጠለጠል ኮከብ የማትመስለው ብዙ ሰው አለ። መርማሪው የሚያጣራት በቀላል መንገድ ነው፦ ቬኑስ ከፀሐይ ከ47 ዲግሪ ገደማ በላይ ርቃ ስለማትታይ፣ በእኛ አካባቢ በእኩለ ሌሊት አናት ላይ የታየ ብርሃን እርሷ ልትሆን አትችልም።

ሌሎቹ ጁፒተር፣ ሲሪየስ የተባለው ኮከብ፣ ፊት ለፊት የሚመጣ አውሮፕላን የማረፊያ መብራት፣ ባሉኖች፣ ተወርዋሪ ኮከቦች፣ ሳተላይቶች፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ድሮኖች ናቸው። ከሜይ 2019 ጀምሮ የስታርሊንክ ሳተላይቶች በአንድ ጊዜ በደርዘን እየተወነጨፉ ስለሆነ፣ በተወነጨፉባቸው የመጀመሪያ ቀናት እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተሰድረው ሲያልፉ ያየ ሁሉ ስልኩን ያነሣል፤ በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሥር እነዚህን ጥቆማዎች የሚመረምረው ቢሮም ስታርሊንክን በስም ጠርቶ የጥቆማዎች ምንጭ መሆኑን ዘግቧል።

ብርሃኑ ሲንቀሳቀስና ሲከተለን በዓይናችን አይተናል፤ ታዲያ ኮከብ እንዴት ሊሆን ይችላል?

ዓይን ፍጹም ቆሞ አያውቅም። በጨለማ ውስጥ ከጎኑ ማነጻጸሪያ የሌለውን ነጠላ ብርሃን ትኩር ብሎ የሚያይ ሰው፣ ብርሃኑ ሳይነቃነቅ ሲወዛወዝና ሲሸሽ ይታየዋል፤ ይህ በቤተ ሙከራ በተደጋጋሚ የተረጋገጠ ነው። በመኪና የሚጓዝ ሰው ደግሞ በመንገዱ ዳር ያለው ዛፍና ቤት ወደ ኋላ ሲቀር እጅግ የራቀው ፕላኔት በቦታው ስለሚቆይ፣ መኪናው ሲፈጥን የሚፈጥን፣ ሲቆም የሚቆም ይመስለዋል።

የቀለም መለዋወጡም ምክንያት አለው። ለአድማስ የቀረበ ኮከብ ብርሃኑ ወፍራም የአየር ንጣፍ አቋርጦ ስለሚመጣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያለ ይብለጨለጫል። በተለይ ሲሪየስ በዚህ ረገድ አሳሳች ነው። ለማጣራት የሚሻው ብርሃኑን ከአንድ ምሰሶ ወይም ከጣሪያ ጫፍ ጋር አስተያይቶ፣ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ለአሥር ደቂቃ መጠበቅ ነው።

አብራሪዎች ግን ሰማይን የሚያውቁ ሰዎች አይደሉም? እነርሱም ይሳሳታሉ?

ይሳሳታሉ፤ ይህንንም የሚያሳይ በመንግሥት የተጣራ ጉዳይ አለ። በጃንዋሪ 2011 ከቶሮንቶ ወደ ዙሪክ ይበር በነበረ የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ላይ ረዳት አብራሪው በሥራ ሰዓት ከተፈቀደለት ዕረፍት ገና መንቃቱ ነበር። ከፊት ለፊት ከሥራቸው የሚያልፍ የጦር አውሮፕላን እንዳለ ሲነገረው አሻግሮ ቬኑስን አየና አውሮፕላኑ እርሷ መሰለችው። ዋናው አብራሪ አውሮፕላኑ ያለበትን ትክክለኛ ቦታ ሲያመለክተው ደግሞ ከላያቸው ወርዶ ሊገጫቸው የመጣ ስለመሰለው መሪውን ወደ ታች ገፋው። ቀበቶ ያላሰሩ መንገደኞች ከመቀመጫቸው ተነሥተው ከጣሪያ ጋር ተጋጩ፤ 16 ሰዎች ተጎዱ። የካናዳ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ጉዳዩን መርምሮ ሪፖርት ያወጣበት ሲሆን፣ ትኩረቱም በእንቅልፍ ድንዛዜ ላይ ነበር።

አብራሪ የሠለጠነው ግጭትን ለማምለጥ ነው። በጨለማ ያየውን ብርሃን አስቀድሞ እንደ አውሮፕላን አድርጎ መውሰዱ ነፍስ የሚያድን ልማድ ቢሆንም፣ ለምስክርነት ግን ሁልጊዜ የተመቸ አይደለም።

ብዙ ሰዎች በተለያየ ቦታ ሆነው አንድ ዓይነት ነገር ካዩስ?

እንግዲያውስ አንድ እውነተኛ ነገር በሰማይ ላይ ነበረ ማለት ነው። ምን እንደነበረ ግን ከምስክሮቹ ብዛት ብቻ አይታወቅም። ማርች 3 ቀን 1968 ምሽት በኬንታኪ፣ በቴኔሲ፣ በኢንዲያና፣ በኦሃዮና በአጎራባች ግዛቶች ያሉ ሰዎች ተከታትለው የሚሄዱ ደማቅ ብርሃኖች አዩ። አብዛኛው ሰው ያየውን በትክክል ሲገልጽ፣ አንዳንዶች ግን ረጅም አካልና አራት ማዕዘን መስኮቶች ያሉት፣ ከውስጡ ብርሃን የሚታይበት፣ ከዛፍ አናት ብዙም ከፍ ሳይል ያለ ድምፅ የሚያልፍ መንኮራኩር ማየታቸውን ጻፉ። ሲጣራ ያዩት ዞንድ 4 የተባለችው የሶቪየት ተልእኮ ስብርባሪ ወደ ከባቢ አየር ተመልሶ ሲቃጠል ነበር፤ ከዛፍ አናት የተባለው ርቀትም በእርግጥ በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ከፍታ ነበር። የተደረደሩ ብርሃኖች ሲታዩ አእምሮ በመካከላቸው ያለውን ጨለማ አካል አድርጎ ይሞላዋል። ማንም አልዋሸም።

ተመልሶ የሚወድቅ ስብርባሪ ለእኛም አካባቢ እንግዳ አይደለም። ዲሴምበር 30 ቀን 2024 በጎረቤታችን ኬንያ፣ በማኩዌኒ አውራጃ ሙኩኩ መንደር፣ 2.5 ሜትር ስፋትና 500 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ያለው የብረት ቀለበት ከሰማይ ወድቆ፣ የአገሪቱ የጠፈር ኤጀንሲ ከሮኬት የተላቀቀ አካል መሆኑን አስታውቋል። ለመለየት የሚረዳው የቆይታው ጊዜ ነው፦ ተወርዋሪ ኮከብ በሰከንዶች ውስጥ ሲጠፋ፣ የሳተላይት ወይም የሮኬት ስብርባሪ ግን እየተቆራረጠ አንድ ደቂቃና ከዚያም በላይ ሰማዩን ሊያቋርጥ ይችላል።

ራዳር ላይ ከታየስ? ራዳር እንደ ዓይን አይታለልም።

በራሱ መንገድ ይታለላል። እጅግ የታወቀው ጉዳይ በጁላይ 1952 በዋና ከተማዋ በዋሽንግተን ዲሲ የታየው ነው። ጁላይ 19 ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ40 ላይ፣ በአርሊንግተንና በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሬጋን ብለው በሚያውቁት አውሮፕላን ማረፊያ፣ የራዳር ሠራተኞች ከከተማው በስተደቡብ ሰባት ነጥቦች አዩ። በአንድሩስ የጦር ሰፈርም ተመሳሳይ ነገር ተመዘገበ፤ ከመሬትና ከአየር ብርሃን ያዩ ሰዎችም ነበሩ። ከዴላዌር የተነሡት ተዋጊ ጄቶች ሲደርሱ ምንም አላገኙም። ከሳምንት በኋላ፣ ጁላይ 26 ምሽት፣ ነገሩ ተደገመ፤ በዚህኛው ሌሊት አንድ የጄት አብራሪ ብርሃን አይቶ ሊደርስበት አለመቻሉን ተናገረ። ጋዜጦቹ በዋና ከተማው ሰማይ ላይ ወራሪ እንዳለ አድርገው ሲጽፉ፣ ሜጀር ጄኔራል ጆን ሳምፎርድ ጁላይ 29 በፔንታጎን ጋዜጠኞችን ሰብስበው መግለጫ ለመስጠት ተገደዱ።

የተሰጠው ማብራሪያ ከአየር ጠባይ ጋር የተያያዘ ነበር። በሞቃት የበጋ ሌሊት መሬት አጠገብ ቀዝቃዛ፣ ከላዩ ደግሞ ሞቃት አየር ሲነጠፍ የራዳር ሞገድ ወደ ታች ይታጠፍና በመሬት ላይ ካሉ ነገሮች ነጥሮ ይመለሳል፤ መስታወቱም ላይ የሚበር ነገር መስሎ ይታያል። በ1953 የአገሪቱ የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ያካሄደው ቴክኒካዊ ጥናት ይህንኑ ደግፏል፤ በዓይን ታዩ የተባሉትም ኮከቦችና ተወርዋሪ ኮከቦች ናቸው ተባለ። በዚያ ሌሊት ተረኛ ከነበሩት የራዳር ባለሙያዎች አንዳንዶቹ ግን፣ እንዲህ ያለውን የውሸት ምልክት በየበጋው የምናውቀው ነው በማለት ማብራሪያውን ፈጽሞ አልተቀበሉትም። እኔም የሳምፎርድ መግለጫ የራዳሩን ምልክት ከዓይን እማኞቹ ይልቅ በተሻለ ሁኔታ ያብራራል የሚል አስተያየት አለኝ።

በቪዲዮ የተቀረጸውስ ጉዳይ? ካሜራ የሚያየው እውነት አይደለምን?

ካሜራ የሚያሳየው በሌንሱ ያለፈውን ነው። በ2019 ከአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ወዲያ ካለ የጦር መርከብ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ ብልጭ ድርግም የሚሉ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘኖች በሰማይ ላይ ሲያልፉ ያሳይ ስለነበር ዓለምን አነጋግሯል። ሜይ 17 ቀን 2022 በኮንግረስ በተካሄደው ችሎት የባሕር ኃይል መረጃ ክፍል ምክትል ኃላፊ ስኮት ብሬይ፣ ብርሃኑ በሌሊት ማያ መነጽር አልፎ ወደ ካሜራ ሲገባ ሦስት ማዕዘን ሆኖ እንደሚቀረጽና ነገሮቹም ድሮኖች መሆናቸው እንደታመነ አስረዱ። ቪዲዮውን በጥንቃቄ የሚያይ ሰው ከጀርባ ያሉት ኮከቦችም ሦስት ማዕዘን ሆነው ያገኛቸዋል። ትኩረቱን የሳተ ሌንስ እያንዳንዱን የብርሃን ነጥብ በራሱ የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ቅርጽ ያትመዋል።

ብሉ ቡክ ለምን ተዘጋ?

በማርች 1966 በሚሺጋን ግዛት ብዙ ሰዎች ብርሃን ማየታቸውን ሲናገሩ ሃይኔክ አንዳንዶቹ ጉዳዮች ከረግረግ የሚወጣ ጋዝ ሊሆኑ ይችላሉ በማለቱ ሕዝቡ እንደተሰደበ ቆጠረው፤ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት የግዛቱ እንደራሴ ጄራልድ ፎርድም የኮንግረስ ምርመራ እንዲደረግ ጠየቁ። አየር ኃይሉ ሸክሙን ከጫንቃው ለማውረድ ገለልተኛ ጥናት ለኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ፤ የሚመራውም የፊዚክስ ሊቁ ኤድዋርድ ኮንደን ሆነ። በ1969 መጀመሪያ ይፋ የሆነው ሪፖርት ተጨማሪ ሰፊ ጥናት ለሳይንስ ይጠቅማል ብሎ መጠበቅ አይቻልም ሲል ደመደመ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበርም ብሉ ቡክ ተዘጋ።

ጥናቱ ከነቀፋ አላመለጠም። የሥራው አስተባባሪ ገና ከመጀመሩ በፊት ውጤቱ ምን እንደሚመስል የሚጠቁም ማስታወሻ ጽፎ ነበርና ማስታወሻው አፈትልኮ ወጣ፤ ከዚሁ ጋር በተያያዘ ሁለት አጥኚዎች ተባረሩ። በሪፖርቱ ውስጥም መልስ ያልተገኘላቸው ጉዳዮች ስላሉ፣ መደምደሚያውን ብቻ ያነበበና ዝርዝሩን ያነበበ ሰው የተለያየ ስሜት ይዘው ይነሣሉ።

መንግሥታት የሚደብቁት ነገር አለ?

ነበረ፤ የደበቁት ግን በአብዛኛው የራሳቸውን ሥራ ነው። በ1955 የዩ-2 የስለላ አውሮፕላን ሙከራ ሲጀመር የመንገደኞች አውሮፕላኖች ከሚበሩበት እጅግ ከፍ ብሎ፣ ከ60,000 ጫማ በላይ ይበር ነበር። ከታች ላለው አብራሪ ፀሐይ ጠልቃለች፤ ለዩ-2 ግን አልጠለቀችም፤ ስለዚህ ብርማ ክንፎቹ በጨለመ ሰማይ ላይ እንደ እሳት ያበራሉ። ሲአይኤ በኋላ ባወጣው ታሪካዊ ጽሑፍ መሠረት የብሉ ቡክ ሰዎች ጥቆማዎችን ከዩ-2 የበረራ መዝገብ ጋር ያመሳክሩ ነበር፤ መልሱን ቢያገኙም ለጠያቂው መንገር አይችሉም ነበር። ያው ጽሑፍ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ከቀረቡት ጥቆማዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የስለላ በረራዎች ናቸው ይላል፤ ይህን መጠን የተጋነነ ነው የሚሉ አጥኚዎች አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ከዚያ ቀደም ብሎ በጃንዋሪ 1953 ሲአይኤ የሰበሰባቸው ሳይንቲስቶች፣ የጥቆማው ብዛት የመከላከያን የመገናኛ መስመር ያጨናንቃል በሚል ሥጋት፣ የሕዝቡ ጉጉት በትምህርትና በማስተባበያ እንዲቀዘቅዝ መክረዋል።

በሶቪየት በኩልም ያው ነው። ሴፕቴምበር 20 ቀን 1977 ንጋት ላይ በፔትሮዛቮድስክ ከተማ ሰማይ ላይ ጨረር የሚዘረጋ ግዙፍ ብርሃን ታየ። ከፕሌሴትስክ የሮኬት ማስወንጨፊያ ጣቢያ የተወነጨፈች ኮስሞስ 955 የተባለች ሳተላይት ነበረች፤ ጣቢያው ግን በዚያን ጊዜ በይፋ መኖሩ እንኳ የማይነገር ምስጢር ነበር። በቀጣዩ ዓመት የሳይንስ አካዳሚውና የመከላከያ ሚኒስቴሩ የጋራ ጥናት ጀምረው እስከ 1990 የዘለቁበት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጥቆማ በሮኬት ማስወንጨፍና በባሉኖች አስረድተዋል። የራስን ሮኬት ደብቆ የሕዝብን ጥቆማ መመርመር እንግዳ ሥራ ነው።

በአሁኑ ጊዜ ማን ይመረምራል?

በአሜሪካ ከጁላይ 2022 ጀምሮ በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር የተቋቋመው፣ በምኅጻር "አሮ" የሚባለው ቢሮ ነው። ከእርሱ በፊት በጁን 2021 የወጣው የደኅንነት መሥሪያ ቤቶች ሪፖርት ከ144 ጥቆማዎች በእርግጠኝነት የፈታው አንዱን ብቻ፣ አየሩ እየወጣ የነበረ ትልቅ ባሉን፣ ነበር። አሮ በኖቬምበር 2024 ባወጣው ሪፖርት 757 አዳዲስ ጥቆማዎች መቀበሉን፣ 444ቱ ለምርመራ የሚበቃ መረጃ የሌላቸው በመሆኑ በመዝገብ መቀመጣቸውን፣ 21ዱ ደግሞ ተጨማሪ ምርመራ እንደሚገባቸው ገልጿል። ናሳም በሴፕቴምበር 2023 ባወጣው ጥናት ትልቁ ችግር ጥራት ያለው መረጃ እጥረት መሆኑን አመልክቷል።

የፈረንሳዩ ግን አሠራሩ የተለየ ነው። ከ1977 ጀምሮ ሥራው ከጦሩ ወጥቶ ለብሔራዊ የጠፈር ማዕከሉ ስለተሰጠ በቱሉዝ ያለው ክፍል ጉዳዮችን በአራት ደረጃ ይመድባል፦ የተለየ፣ ምናልባት የተለየ፣ መረጃ ያነሰው፣ ተመርምሮም ያልተለየ። በማርች 2007 መዝገቦቹን በኢንተርኔት ለሕዝብ መክፈት ጀምሯል። ቺሊም በሲቪል አቪዬሽን ሥር የራሷ ቢሮ አላት። ብሪታንያ በ2009 ክፍሏን ዘግታ ሰነዶቹን ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አስገብታለች፤ የሰጠችው ምክንያትም ከሃምሳ ዓመት በላይ በደረሱት ጥቆማዎች ለአገር ሥጋት የሚሆን አለመገኘቱ ነበር።

እኔ ራሴ ባይ ምን ልመዝግብ? ለማንስ ላሳውቅ?

ከምንም በፊት ሰዓቱን ይያዙ። ቀጥሎ የቆሙበትን ቦታ፣ የብርሃኑን አቅጣጫ፣ ከአድማስ በላይ ስንት ጡጫ ያህል እንደነበር (በተዘረጋ ክንድ አንድ ጡጫ 10 ዲግሪ ገደማ ነው) እና ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይጻፉ። በስልክ ሲቀርጹ ዛፍ፣ ጣሪያ ወይም ምሰሶ በምስሉ ውስጥ ይግባ፤ አጉልተው ብቻ የቀረጹት የብርሃን ነጥብ ለመርማሪ ምንም አይነግረውም። ከሌሎች ተመልካቾች ጋር ከመወያየትዎ በፊት ያዩትን በወረቀት ማስፈር ይጠቅማል፤ ወሬ ከተደባለቀ በኋላ የማን ትዝታ የማን እንደሆነ አይለይም።

በፈረንሳይ የሚኖር ሰው በቀጥታ ለቱሉዙ ክፍል ወይም በአቅራቢያው ላለ ዣንዳርም (ወታደራዊ ፖሊስ) ጣቢያ ማመልከት ይችላል። በአሜሪካ አብራሪዎች ለፌዴራል አቪዬሽን ባለሥልጣን ያሳውቃሉ። በአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ድሮን የሚመስል ብርሃን ከታየ ግን የትም አገር ቢሆን የሚነገረው ለፖሊስ ነው።

ሳይፈቱ የቀሩት ታዲያ ምንድን ናቸው?

አብዛኞቹ መረጃ ያነሳቸው ናቸው። ሰዓቱ በግምት የተጻፈ፣ አቅጣጫው የተዘነጋ፣ ከዓመታት በኋላ የቀረበ ጥቆማ ምንም ያህል ቅን ሰው ቢያቀርበው ሊፈታ አይችልም። የብሉ ቡክ አንድ ጉድለት መረጃ ያነሰውንና በቂ መረጃ እያለው ያልተፈታውን ለይቶ ለማስቀመጥ በየጊዜው ወጥ መስፈርት አለመከተሉ ነው፤ በዚህ ምክንያት 701 የሚለውን ቁጥር እንደ አንድ ክምር አንሥቶ መከራከር ብዙም አያስኬድም።

ከዚህ የሚለይ ጉዳይ በኖርዌይ አለ። በሄስዳለን ሸለቆ ከ1981 መጨረሻ እስከ 1984 ድረስ በተለይ በክረምት ብርሃኖች በተደጋጋሚ ይታዩ ስለነበር፣ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ 1984 ተመራማሪዎች ራዳርና ካሜራ ይዘው ሸለቆው ውስጥ ሰፍረዋል፤ ከ1998 ጀምሮም ኢንጂነር ኤርሊንግ ስትራንድና ባልደረቦቹ ያቋቋሙት አውቶማቲክ ጣቢያ ሰማዩን ይቀርጻል። ከተቀረጹት ከፊሎቹ የመኪናና የአውሮፕላን መብራቶች ሆነው ተገኝተዋል። ለቀሩት ከአቧራና ከጋዝ፣ ከአለት ኤሌክትሪክ ጋር የተያያዙ መላምቶች ቀርበዋል፤ የተስማሙበት ግን የለም። መሣሪያ ተተክሎ፣ በአንድ ቦታ፣ ለዓመታት የተጠበቀ ብርሃን ስለሆነ ከመጻሕፍቱ ታሪኮች ሁሉ ይበልጥ ሊጠና የሚገባው ይህ ነው እላለሁ።

አንድ ጉዳይ አንዴ "ያልተለየ" ከተባለ በዚያው ይቀራል?

አይቀርም። የቱሉዙ ክፍል በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ያልተለዩ ተብለው የተመደቡ ጉዳዮችን በአዲስ ሶፍትዌር እንደገና ሲያያቸው ብዙዎቹ ወደ ሌላ ደረጃ ወርደዋል፤ አንዳንዶቹ በዚያ ሌሊት ከአድማስ በላይ የነበረች ጨረቃ፣ አንዳንዶቹ ወደ ከባቢ አየር ተመልሶ የገባ ስብርባሪ ሆነዋል፤ ሌሎቹም መረጃ ያነሳቸው ተብለው ተመድበዋል። በድጋሚ ሲታዩም ባሉበት ደረጃ የጸኑ ጥቂት መዝገቦች ስላሉ፣ ክፍሉ እነዚያን ሳይዘጋ ከነምስክሮቹ ቃልና ከነሥዕሎቹ ለአንባቢ ክፍት አድርጎ አስቀምጧቸዋል።